የፊት ክፍሉ ቁልፍ

ለውድ አባቴ ለአቶ አስገዶም፣ አዲግራት ካሉበት ይድረስልኝ።

አባዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ዳገቱን ቻለልዎ? የዓይን ጠብታውን ማታ ማታ ይጠቀማሉ ወይስ እንደ ልማድዎ መስኮት ላይ አስቀምጠው ረስተውታል? እህትዎ አደይ ሓዳስስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ሰመረ ሥራው ላይ ነው፤ ልጃችን ሜላት ለፈተና እያጠናች ነው፤ እኔም እዚያው ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪ ወረቀት ሳባዛ እውላለሁ። በስልክ ጆሮዎ እንደማይለይልዎና «እሺ፣ እሺ» ብለው እንደሚዘጉት ስለማውቅ፣ ጉዳዬን ጽፌ በአደይ ሓዳስ ልጅ በሃፍቶም እጅ ልኬዋለሁ።

ልጅዎ ለወረዳው ምክር ቤት በግል ተወዳዳሪነት ቀርባለች። ይሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። እንዴት እንደተጀመረ ግን ልንገርዎ።

በጾሙ መግቢያ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። አምቡላንስ ተጠራ፤ መጣም፤ ግን አስፋልቱ ላይ ቆመ። የእኛን መተላለፊያ ያውቁታል፤ ሰው እንኳ ጎን ለጎን አይሄድበትም። የሰፈሩ ወንዶች የእድሩን ቃሬዛ ከግድግዳው አውርደው እትዬ ጥሩነሽን ጫኗቸው፤ ዝናብ ያካፋ ስለነበር ጋቢ ከራስ እስከ እግር አለበሷቸው። ከላይ በኩል ያሉት ሰዎች የእድሩን ቃሬዛና የተሸፈነ ሰው ሲያዩ ሌላ ምን ያስባሉ? ጥሩምባው ተነፋ። ድንኳኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ተተከለ፤ ሽሮው ተጣደ።

እትዬ ጥሩነሽ አሥር ሰዓት ላይ በታክሲ ተመለሱ። ድንኳኑን ደጃቸው ላይ ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ፍቅሬ ተነሥተው ተመልሰው ቁጭ አሉ። ነገሩ ሲገባቸው ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ምሳ እንዲቀርብላቸው አዘዙ፤ ለኔ የተሠራ ከሆነማ ጨው ያንሰዋል አሉ። ሰፈሩ አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሲስቅ ሰነበተ።

በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ግን እትዬ ጥሩነሽ ሳይስቁ ተናገሩ። ይህ እድር ሬሳ ለማውጣት ሁሉም ነገር አለው፣ በሽተኛ ለማውጣት ግን መንገድ የለውም አሉ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ እሱን ጻፍኩ። ከዚያ፣ ጽፈሽ ጽፈሽ ለማን ነው የምትሰጪው፣ ራስሽ ግቢበት አሉኝ። በዚሁ ተወዳዳሪ ሆንኩ።

የማስቀድማቸውን ሥራዎች በአንድ ገጽ ጽፌ አባዝቻለሁ። የጋራ ሽንት ቤቱ በጊዜው እንዲመጠጥ፣ የጎርፍ ቦዩ ክዳን እንዲደረግለት፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሰፈራችን በሚያወርደው ደረጃ ላይ መብራት እንዲገባ ይላል። በዋናው መንገድ በኩል ሁሉም ነገር ተለውጧል፤ እርስዎ ቢያዩት የት እንደደረሱ ይጠፋብዎታል። ከኋላ ያለነው እኛ ግን ያው ነን። ከሁሉም በላይ፣ በአንደኛ ተራ ቁጥር የጻፍኩት መተላለፊያው አምቡላንስ እንዲያስገባ ይስፋ የሚለውን ነው። ሰው የሚያነበውም እሱን ብቻ ነው።

እንዲሰፋ ደግሞ ሦስት አጥር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ በመግቢያው ላይ ያለ አንድ ክፍልም መነሣት አለበት። ይህም የፊት ክፍላችን፣ የርስዎ የሰዓት መጠገኛ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ወደ መንገዱ የገፉት እርስዎ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያኔ ማንም አልተናገረም፤ ጥላ ሆኖን ነበር። ትናንት በዳግማዊ ትንሣኤ ዕለት በተሰበሰብንበት ባለ አጥሮቹ በአንድ አፍ፣ የናንተ ክፍል ሳይነሣ የኛ አጥር ቢገባ ምን ይረባል አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እኔም ተነሥቼ፣ አባቴ ፈቅዷል አልኩ።

ዋሸሁ፣ አባዬ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ሰዉ አጨበጨበ፤ አቶ ፍቅሬ፣ አስገዶም ድሮም ሰው ነው ብለው አመሰገኑዎት። አፈርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አልጻፍኩትም፤ እጄ እንቢ አለኝ።

አሁን ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገርንበትን ነገር ላንሣ፤ ይቅር ይበሉኝ። እማዬ ታማ ወደ ሐኪም ቤት ስናወጣት ከራስጌ የያዙት እርስዎ ነበሩ፣ ከግርጌ እኔ። የፊት ክፍሉ ጥግ ላይ ስንደርስ ቃሬዛው አልዞር አለ። እርስዎ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ኋላ መልሱት አሉ። በመጨረሻ አቁመን አሳለፍናት፤ እሷም ትከሻዬን ጨብጣ ነበር። መኪናው ውስጥ ዐረፈች። ዘግይተን ነው ወይ ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅሁም። እርስዎም አልጠየቁም። አርባዋ ሲወጣ ክፍሉን ቆልፈው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው አዲግራት ገቡ። ለምን እንደወሰዱት የገባኝ ይመስለኛል። እኔም በዚያ ጥግ ባለፍኩ ቁጥር ትከሻዬን ያመኛል።

ጓጉንቸሩን መስበር ቀላል ነው፤ ሰመረ በአንድ የመዶሻ ምት ይጨርሰዋል። አልፈለግሁም። ሃፍቶም በሳምንቱ ይመለሳል። ከፈቀዱ ቁልፉን ብቻ ይስጡት፤ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ሰዎች ሳይወስዷቸው የቀሩትን ሰዓቶች አንድ በአንድ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አኖራቸዋለሁ። ካልፈቀዱም ሃፍቶም ባዶ እጁን ይምጣ፤ ምክንያት አልጠይቅዎትም፣ አልቀየምዎትምም። ግንቦት ሁለት እሑድ ሰዉ እንደገና ይሰበሰባል። ያን ዕለት አባቴ ከለከለኝ አልልም፤ ስምዎን አላነሣም። ሳልጠይቀው ነበር ፈቅዷል ያልኳችሁ ብዬ ከውድድሩ እወጣለሁ።

አደይ ሓዳስን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ጎረቤቶችዎን ሁሉ፣ ስሜን የሚያነሣ ካለ፣ ሰላም ይበሉልኝ። ሰመረ እጅ ይነሣል። ሜላት፣ አያቴ ሲመጣ አልጋዬን እለቅለታለሁ ብላለች። እትዬ ጥሩነሽም ሰላም ብለውዎታል፤ ቁልፉን ከሰጠ በሁለት እግሬ ሄጄ አስፋልቱ ላይ እቀበለዋለሁ፣ እሱም ይምጣና በሰፊው ይግባ በይልኝ ብለዋል።

ልጅዎ ፍዮሪ

አራዳ፣ ከጊዮርጊስ በታች
ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.