«የለም» ብዬ የሞላሁት መስመር

ሰኞ፣ ማርች 3፣ ጧት

ዛሬም መነጽሬን ልረግጠው ነበር። አልጋው ሥር በመዳፌ ስዳብስ ቆየሁ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ቀኔ የሚጀምረው በመዳበስ ነው። አሁን ሠላሳ ስምንት።

ቀኑ ተይዟል፤ ሐሙስ፣ ማርች 20። የዓይን ሌዘር፣ መነጽር የሚያስጥለው። ያስያዙልኝ እትዬ ጽጌ ናቸው፣ ቤ/ክ ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቆሙት። ሐኪሙ የክርስትና ልጃቸው ነው። ክሊኒኩ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእግር አሥር ደቂቃ። የኛ አገር ልጅ እያለ ምን ያዞርሻል አሉኝ። ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ለምንድነው ሁለቴ የምጽፍልህ፣ ደብተሬ?

ረቡዕ፣ ማርች 5፣ የምሳ ሰዓት

ሕፃናቱ ተኝተዋል። ባለፈው ወር እዚሁ የምሠራበት ማቆያ ውስጥ አንዷ መነጽሬን ከፊቴ መንጭቃ ሰበረችው። እስከ መውጫ ሰዓት ስምንት ሕፃን በጭጋግ ውስጥ ጠበቅሁ፣ በድምፃቸው እየለየሁ። የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ትናንት ለምርመራ ሄድኩ። ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር። ስንት ዓይን ሠርተሃል? ስንቱን አይሆንም ብለህ መለስክ? የሚለካኝም የሚሠራኝም አንተው ነህ? ቢበላሽ ለማን እደውላለሁ?

ወረቀቱ ከቦርሳዬ አልወጣም። የለካችኝ ረዳቱ ናት። ሐኪሙ በር ላይ ብቅ ብሎ እህቴ አለኝ፤ የእትዬ ጽጌ ጉልበት እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሳቅን። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልመርምረው?

ቅጹን ቆሜ ሞላሁት። በቤተሰብ የዓይን ሕመም፦ የለም።

እሑድ፣ ማርች 9

እትዬ ጽጌ ከቅዳሴ በኋላ ትከሻዬን ያዙኝ። «ከእንግዲህ አላየሁዎትም ብለሽ ማምለጥ የለም» አሉ። ሳቅሁ። ከነገ ወዲያ በመኪና አርባ ደቂቃ ርቄ፣ አሌክሳንድሪያ ሌላ ሐኪም ጋ ቀጠሮ እንዳለኝ አልነገርኳቸውም። ስርቆት የምሠራ ይመስል።

ማክሰኞ፣ ማርች 11፣ መኪና ውስጥ

ከአሌክሳንድሪያው ክሊኒክ ወጥቼ ደጁ ላይ ቆሜያለሁ።

ሐኪሟ ሴት ናት፤ ሽበታም፣ ፈገግታ የማታበዛ። ራሷ ለካችኝ። ወረቀቴን አውጥቼ እንደ ተማሪ አነበብኩ። አንድ በአንድ መለሰችልኝ፤ ቅር አላላትም። ብዙ ሰው አይሆንም ብላ እንደምትመልስ ነገረችኝ።

ከዚያ ጠየቀችኝ፦ ቤታችሁ ውስጥ መነጽር የማያድነው ሰው አለ?

የለም ልል አፌን ከፈትኩ። ሰሎሞን መጣብኝ፣ ታላቅ ወንድሜ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየው። በየዓመቱ መነጽር ይቀየርለታል፣ አንዱም አያሳየውም። እማዬ ምች ነው አለች፤ ከፀሐይ ገብቶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ነው። ዳማከሴ አሸችው። እኛ ቤት ያ ሕመም ሆኖ አያውቅም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ የደረሰ አደጋ ነው። ቅጹ ላይ የዋሸሁ አልመሰለኝም።

ምችን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ተንተባተብኩ። አልሳቀችም። ማሽኑ ያወጣውን የዓይኔን ካርታ አሳየችኝ፤ የግራ ዓይኔ ግርጌ ላይ ቀይ ቦታ። ምንም ላይሆን ይችላል፤ የአንድ ነገር መጀመሪያም ሊሆን ይችላል። ወንድምሽን ሳትጠይቂ ማንም እንዳይነካሽ አለችኝ። እሷም ጭምር።

ረቡዕ፣ ማርች 12፣ ጧት

ሰሎሞን ጋ አዲስ አበባ ደወልኩ። ሁሉንም ነገረኝ፤ የዓይኑ መስተዋት እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይገፋል። የሕመሙን ስም ካወቀው አሥራ አምስት ዓመቱ። በዘር ሊመጣ ይችላል ብለውታል።

ለምን አልነገርከኝም?

«እማዬ ናታ። ያኔ ሽማግሌ ሊላክብሽ ነበር። በዘር አለባቸው ይሉናል አለች።»

ጋብቻው ቀረ። ዝምታው አልቀረም።

«ሌዘር የሚሉትን ዓይንሽን እንዳታስነኪ፤ የሳሳውን ይብስ ያሳሳዋል፣ እሺ? ደግሞ መነጽር ያምርብሻል። ጉጉት ትመስያለሽ።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ራበኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ቀጠሮውን አልሰረዝኩም። ለሲልቨር ስፕሪንጉ ክሊኒክ ደውዬ ቅጹ ላይ የሞላሁት ስህተት ነው፣ ወንድሜ የዓይን ሕመምተኛ ነው አልኩ። ተቀባይዋ ጻፈችው። ሐኪሙን ላናግረው? አልኳት። ሐሙስ ሲሠራሽ ታነጋግሪዋለሽ አለችኝ፣ በደግ ድምፅ።

ሐሙስ። ተኝቼ፣ ዓይኔ ደንዝዞ።

ክፉ ሰው አይደለም። ጥሩ ሐኪም ሊሆንም ይችላል። እኔ ግን ስለ እሱ የማውቀው የማን የክርስትና ልጅ እንደሆነ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ማርች 17

ቤቱን ጠረግሁ። እንደገና ጠረግሁ። የሚያስፈራኝ ዓይኔ አይደለም፤ የእትዬ ጽጌ ፊት ነው። ብሰርዝ ለምን ይሉኛል። ሥራ በዛብኝ ብል ሌላ ቀን ያስይዙልኛል። እውነቱን ብል በዘር አለብን ማለቴ ነው፣ እማዬ ዕድሜ ልኳን የሸሸችውን። እሳቸው ደግሞ ቤ/ክ ያለውን ሰው ሁሉ ያውቃሉ።

ማክሰኞ፣ ማርች 18፣ ከሥራ በፊት

የክሊኒኩን ቀጠሮ ሰርዣለሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ለአሌክሳንድሪያዋ ሐኪም መልእክት ተውኩ፤ ቀዩን ቦታ በየስድስት ወሩ እሷ ትለካዋለች፤ መነጽሬ ይቆያል።

አሁን እትዬ ጽጌ። ምች አልልም። ሥራ በዛ አልልም። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ በሌላው እጄ እጽፍልሃለሁ። ይጠራል። ይጠራል። አነሱ። እንዴት አደሩ እትዬ ጽጌ፣ ወንድሜ ሰሎሞን