ከጋሽ ሚሎሽ የወሰድኩት ስምንት ዓመት

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ባጃጅ አጣሁ። የሀዋሳውን የታቦር ዳገት በእግሬ። ጉልበቴ አለቀ... በርናባስ ሦስት ጊዜ ደወለ። "ሶፊ፣ ጽሑፉ ነገ ካልገባ ገጹ ባዶ ይወጣል!" የመጽሔት አዘጋጅ መቼ ደክሞት ያውቃል? እኔ ግን ደክሞኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ፤ ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ ማን ሽበቱን ቀባ።

የዚህ ወር ሰው ጋሽ ሚሎሽ ናቸው፤ የቼክ ተወላጁ ኬሚስት። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው። ሰፈሩ "ውኃ ቀማሹ" ይላቸዋል። በየጓሮው የጉድጓድ ውኃ እየቀዱ፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ እየለኩ፣ "ከዚህ ጠጡ፣ ከዚያ አትጠጡ" ሲሉ ነው የኖሩት።

ወጣት ሳሉ ፕራግ ሜርኩሪ ጠብ ጠብ እያደረጉ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በኤሌክትሪክ ይለኩ ነበር። ለስብሰባ ቪየና እንደሄዱ የሩሲያ ታንክ አገራቸው ገባ። "በሬዲዮ ሰማሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ ነበር።" አልተመለሱም። አገራቸው በሌሉበት እስር ፈረደባቸው። የእናታቸው መርዶ የደረሳቸው ከተቀበሩ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ...

"መቼ ነው የወጡት ጋሼ?"

"በስልሳ ስምንት።"

"ከዚያስ?"

"ኢትዮጵያ ተቀበለችኝ።"

ይኼኔ እትዬ ደብሪቱ ምሳ ይዘው ገቡ። ጎረቤት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያበሏቸው እሳቸው ናቸው አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ወሬውን ተይና ሰውየው ይብላበት! ካልተቆጡት አይበላም እኮ።"

"ደብሪቱ ጄኔራል ናት" አሉ ጋሽ ሚሎሽ፤ በሉ።

ቀሪውን ሳልጠይቅ ተነሳሁ። ቤቴ መግባት ነው ያማረኝ። በር ላይ "በግምት አትጻፊ" አሉኝ። እሺ አልኩ።

ጥር 6

ጻፍኩ፣ ላክሁ። "በ1968 ዓ.ም. ከአገራቸው ወጡ፤ ደርግም በክብር ተቀበላቸው።" ደርግ ያልኩት ከራሴ ነው... ግን በ68 ሌላ ማን ሊቀበላቸው? አምሮልኛል። ልተኛ።

ጥር 16

መጽሔቱ ወጣ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ሁለት ሰው አስቆሞኝ ስለ ጋሽ ሚሎሽ ጠየቀኝ። አንደኛው "ለካ እንዲህ ናቸው?" አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ጥር 19

ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩ። ለካ ደርሷቸዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ጠረጴዛው ላይ ደረቅ ዳቦ።

"ምሳስ ጋሼ?"

"ደብሪቱ ከቀረች ሦስት ቀን ሆናት።"

ጣታቸውን 1968 ላይ አሳረፉ። "ይኼ የማን አቆጣጠር ነው?"

የፈረንጅ ነበር! በእኛ ነሐሴ 1960 ማለት ነው። ደርግ የት፣ እሳቸው የት... የመጡት በጃንሆይ ጊዜ ነው። የአገራቸውን ነገር በአገራቸው ዓመት፣ የእኛን በእኛ ነው የሚቆጥሩት። እኔ እንደማውቅ ገምተው። አውቃለሁ እኮ! ማን የማያውቅ አለ? አንዲት ጥያቄ... አንዲት።

ደርግ መጥቶ ከሶሻሊስቶቹ ጋር ሲወዳጅ የአገራቸው ኤምባሲ ይፈልጋቸው ጀመር። ሀዋሳ የወረዱት ያኔ ነው፤ ውኃ እለካለሁ ብለው ከአዲስ አበባ ዓይን ለመጥፋት።

"እኔ ከእነሱ ሸሸሁ። አንቺ ከእነሱ ጋር አመጣሽኝ።"

አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 20

እትዬ ደብሪቱ በሩን ገርበብ አድርገው ነው ያናገሩኝ።

"ወንድሜን ብዙአየሁን በሰባ ዓመተ ምሕረት ከአልጋው ላይ ወሰዱት። ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም። ይኼን ለሰውየው ነግሬዋለሁ። 'እኔም የሸሸሁት እነሱን ነው' ብሎኝ አብረን አልቅሰናል! ለካ በክብር ተቀብለውታል።"

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓመቱን..."

"አዘንሽለትና ልትሸፍኚለት ነው? የታተመ እኮ ነው!"

ዘጉት። የታተመ... ማን አሳተመው?

ጥር 21

እርማት ይውጣ አልኩት በርናባስን። "በሚቀጥለው ወር፣ ከታች ጥግ ላይ፣ በሁለት መስመር።" ሰውየው ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው አልኩት። "ታዲያ ማተሚያ ቤቱን ላስነሳልሽ?" አለ። እርማት ደግሞ ማን ያነባል... እኔ ራሴ አንብቤ አላውቅም።

ጥር 24

የባሰ መጣ። የሰፈሩ እድር በሚቀጥለው እሑድ ሊነጋገርባቸው ነው። ይሰረዙ የሚሉ አሉ፤ ሰብሳቢው አቶ ወንድሙ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። "ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አሉብን። ምን ልበላቸው?"

ጋሽ ሚሎሽ ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። እድሩ ከሰረዛቸው ማን ይቀብራቸዋል?

ሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝቼ ሠራሁላቸው። ሁለት ጊዜ ጎርሰው ገፉት። ዓይናቸው ደክሟል። "አጥንቱን ደብሪቱ ነበረች የምታወጣልኝ።"

የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ። ጥቅምት 8 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ የንጉሡ መንግሥት ማኅተም ያለበት።

የካቲት 1፣ እሑድ

እድሩ ጋ ሄድኩ። መቶ ሰው ይሆናል። አቶ ወንድሙ "እንግዳ እዚህ አይናገርም" አሉ።

"እንግዳ አይደለሁም፤ ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። ሳቁ። ፈቀዱልኝ።

የጻፍኩትን እርማት አነበብኩ። በፈረንጅ 1968 ያሉኝን በእኛ አድርጌ ጻፍኩት። ስምንት ዓመት ወሰድኩባቸው። ደርግ ተቀበላቸው ያልኩትን ማንም አልነገረኝም፤ ፈጠርኩት።

ከኋላ አንዲት ሴት "የእኔን ፍቺስ?" አለች። ሳቅ በሳቅ። ይበለኝ።

አቶ ወንድሙ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ቀኑን ሁለት ጊዜ። እትዬ ደብሪቱ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። እኔንም አላዩኝም።

"እንግዲህ ከመነጋገራችን በፊት ስም ጥሪ" አሉ አቶ ወንድሙ፤ መዝገቡን ገለጡ። አለ... አለች... አለ...

"ሚሎሽ ቫቭራ!"

እስክሪብቶው ቀሪ ሊል ተነሳ።

"አለ!"

እትዬ ደብሪቱ ናቸው።

"የት አለ እትዬ?"

"ቤቱ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ የሚባል አልቀመሰም። ቶሎ ጨርሱልኝ፣ ምሳ ላደርስ ነው።"

አቶ ወንድሙ ቤቱን ቃኙ። የተቃወመ የለም። 'አለ' ብለው ጻፉ፤ የመሰረዙን ነገር ያነሳም አልነበረም።

የካቲት 3

በርናባስ ደወለ። "የዚህ ወር ሰው ማን ነው? ጨረስሽ?" ገና እየጠየቅኩ ነው አልኩት። "አንቺ? ምኑን ነው የምትጠይቂው?" ዘጋሁበት።

ቀትር ላይ ጋሽ ሚሎሽ ጋ ጎራ አልኩ። እትዬ ደብሪቱ እዚያው ናቸው። ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ተቀበሉ። ቆይተው የዓሣውን ሳህን ወደ እኔ ገፉት።

"የእኔም ዓይን ደክሟል። እጅሽን ታጠቢና አጥንቱን አውጪለት።"

ታጠብኩ። አወጣሁ። ቀጭን ቀጭኑን ሁሉ፣ በጣቴ እየዳበስኩ። ጊዜ ወሰደብኝ... ይውሰድ።

"በግምት አይደለም አይደል?" አሉ ጋሽ ሚሎሽ።

"አይደለም ጋሼ።"

በሉ።