ካርዱ ላይ አንድ ቤት ብቻ

ዴላኒ፣

እናቴ መኪናውን አስነስታ እየጠበቀችኝ ነው። ወደ ቤት ልሄድ ነው፣ አልመለስም። የዶርማችን ቁልፌ ትራስሽ ስር አለ። ያዋስሽኝን ነጭ ቀሚስ አጥቤ ሰቅዬልሻለሁ። የሻዩ እድፍ አልለቀቀም፣ ይቅርታ።

ጠዋት ደወሉልኝ። ከዩኒቨርሲቲው የሴት ተማሪዎች እህትማማች ማኅበራት አንዱም አባል እንድሆን፣ ቤቱ እንድገባ አልጠራኝም። ደዋይዋ አዝናልኝ፣ "ምነው የምርጫ ካርድሽ ላይ ሁለተኛ ቤት ጽፈሽ ቢሆን? ያልጻፍሽው ቤት እኮ አይጠራሽም" አለችኝ።

ምን ልበላት?

"ባለ ነጭ ምሰሶውን ቤት ብቻ እንጻፍ፤ ወይ ሁለታችንም፣ ወይ ማናችንም" ብለሽ ደረጃው ላይ እጄን ያስመታሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ እሱን ብቻ ጻፍኩ።

ከሰዓት በመስኮት አየሁሽ። የአዲስ አባላቱን ሸሚዝ ለብሰሽ፣ በደስታ እየጮህሽ ወደ ሌላኛው ማኅበር፣ ወደ ቢጫው ቤት ስትሮጪ።

ያምርብሻል።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ኮክ ብዪው፣ ይበላሻል። በራችን ላይ የለጠፍነውን የስማችንን ወረቀት አልነካሁትም። አንቺው ንቀዪው።

ደግሞ እናቴ "ዴላኒስ?" ስትለኝ፣ "እሷም አልተጠራችም፣ እንደተባባልነው አንድ ቤት ብቻ ነው የጻፈችው" አልኳት። ልታጽናናሽ ትደውልልሻለች።

ስትደውልልሽ ውሸታም አታድርጊኝ።

ሎሬል