የማይጠፋው የፍሬን መብራት

እህቴ፣

መኪናዋን እንዳትነጃት። የእጅ ፍሬኑን ለቅቄም ቀዩ መብራት አልጠፋ ሲለኝ የፍሬን ዘይቱን አየሁ፤ ጠብታ የለውም። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከኋላ ጎማው ጋ ያለው ቱቦ በቢላ ተቆርጧል።

ትናንት ለባሌ ግቢውን የከፈትሽለት አንቺ ነሽ። «ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነው፣ አንጀቴን በላው» አልሽኝ። ክንዴን የሰበረ ቀንም እያለቀሰ ነበር የገባው።

ፖሊስ ጣቢያ እየሄድኩ ነው። ቱቦውን ማንም እንዳይነካው።

ከመጣ አትክፈቺ፣ ጎረቤት ጥሪ። መጥረቢያውን መኝታ ቤትሽ አስገብቼልሻለሁ። በሩን ከሰበረ አታመንቺ፤ እንባውን ሳይሆን እጁን እዪ።

አልተቀየምኩሽም ልል ነበር።

መብራቱ ሲበራ ልጅሽ ከኋላ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣ ነበር። ትምህርት ቤት በእግር አድርሻታለሁ። ምንም አልነገርኳትም።