በራስጌህ ያለው እባብ

ውድ ባሌ ቃሃ፣

«ውድ» ያልኩህ ጸሐፊው ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ነው ስላለኝ ብቻ ነው። በሥዕል የሚጻፈው የአማልክት ፊደል ለድንጋይ እንጂ ለሚስት ቁጣ አይሆንም ብሎ፣ ለጥድፊያ በሚሆነው ተራ ጽሕፈት ሳህን ላይ እየጻፈልኝ ነው። መቃብርህ ደጅ በሳህኑ የማኖርልህን ዳቦ በልተህ ስትጨርስ ከሥሩ ታገኘዋለህ። ትን ይበልህ።

አስከሬንህ እንዳይበሰብስ ገና ጨው ውስጥ ሳለ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጂሶ ልደፍን ከወንድምህ ከፓሼዱ ጋር መቃብራችን ወረድኩ። «መቃብራችን» እላለሁ እንጂ! ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀርጸሃል። ማንበብ ባልችልም የስሜን መልክ አውቀዋለሁ፤ በተጋባን ሰሞን አሸዋ ላይ በጣትህ ጽፈህ ያሳየኸኝ አንተው ነህ። ከሴትየዋ ራስ በላይ ያለው የእኔ አልነበረም።

«ምን ይላል?» አልኩት።

ፓሼዱ መብራቱን ዝቅ አደረገ። «ወብኸት፣ እኅቴ፣ ተይው በቃ።»

«ምን ይላል አልኩህ!»

«ሁኔሮ።»

ሁኔሮ! እርሾ ስጪኝ እያለች ጠዋት ጠዋት ደጄን የምትረግጠው ጎረቤቴ! ዕድሜ ልኬን ጂሶህን ያቦካሁት፣ የድንጋይ አቧራህን የማግኩት እኔ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ከሞት ወዲያ ማን ዳቦ ይሰጠዋል? አንተ ይህን ከማንም በላይ እያወቅህ ለዘላለም ልታስርበኝ ፈለግህ።

«ፍቀህ የእኔን ጻፍ» ብለው ፓሼዱ «የሟች እጅ ሥራ እንዴት እደፍራለሁ?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያኔ ግድግዳው ላይ ከፊደሎቹ መሃል ያሉትን እባቦች አየሁ። እናንተ ቀራጮች መቃብር ውስጥ እባብ ስትጽፉ፣ ነፍስ ዘርቶ ሟቹን እንዳይነድፍ አንገቱን ትቆርጡታላችሁ። ጂሶዬን አነሣሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንገቱን ልቀጥለው።»

«አብደሻል እንዴ? ተነሥቶ ይነድፈዋል እኮ!»

«ይንደፈዋ! ወይ ስሜን ጻፍ፣ ወይ ሁሉንም እቀጥላቸዋለሁ።»

እያለቀሰ መዶሻውን አነሣ። ሁኔሮ አቧራ ሆና ወለሉ ላይ ረገፈች፤ በቦታዋ አሁን እኔ አለሁ። ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ። በቁምህ ባውቅ ኖሮ እየጮኽኩ እጣላህ ነበር፤ ሞተህ እሱንም ነጠቅኸኝ። አንጀቴ እንዳረረ ቀረ።

ፓሼዱ ጀርባውን ሰጥቶ መሣሪያውን ሲሰበስብ፣ በራስጌህ በኩል ያለውን አንዱን እባብ ቀጠልኩት። ጂሶው ደርቋል። ስሜ ከጎንህ ስለሆነ እኔም አንድ ቀን መምጣቴ አይቀርም። እስክመጣ ድረስ እንቅልፍ እንዳይወስድህ።

ሚስትህ ወብኸት