እናቴና ቧንቧዎቼ በአንድ መኪና ስለመሄዳቸው

ለተሽከርካሪዎች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጉልበትዎም ደረጃ ለመውጣት የማንንም ትከሻ የማይሻ ይሁን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ነገሬን ከሥሩ ስጀምር ጥቂት ይታገሡኝ።

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ስዘረጋና ስጠግን የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። በስም ባያውቁኝ በመኪናዬ ያውቁኛል፤ ያቺ ቀለሟ የለቀቀ ሰማያዊ ስቴሽን ዋገን፣ ግቢዎ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ፀሐይ ስትሞቅ የከረመችው። ከገዛኋት ወዲህ ይህን ያህል ዕረፍት አግኝታ ስለማታውቅ በእሷ ስም አመሰግናለሁ።

የሙያ ባልደረቦቼ ቫን ሲነዱ እኔ በቤት መኪና መሥራቴ ንቀት መስሎ እንደታየዎ ሰምቻለሁ። ንቀት አይደለም። እናቴ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ከደከሙ አራት ዓመት ሆነ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል አደርሳታለሁ። ጉልበቷም አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። አንድ ጊዜ ከባልደረባዬ ቫን ተውሼ፣ ከጎረቤቴ ጋር አንሥተን ልናስቀምጣት ስንታገል «እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ? አውርዱኝ!» ብላ ሰፈሩን አስወጣችው። ስቴሽኗ ግን ዝቅ ያለች ናት፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች፣ እኔ እግሮቿን አነሣላታለሁ፣ አለቀ። ተሽከርካሪ ወንበሯ ከኋላ ታጥፎ ይተኛል፤ የመፍቻ ሣጥኖቼ በላዩ ይደረደራሉ፤ ቧንቧዎቹም ጫፋቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ በእኔና በእሷ ትከሻ መካከል ይገባሉ። እሷን አድርሼ፣ አራት ሰዓት የሚፈጀው እጥበቷ እስኪያልቅ ድረስ ሠርቼ እመለሳለሁ። አራት ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው፤ መመሪያዎ እስኪደርስልን።

አቤቱታዬን ለመዝገብ እንዲመችዎ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «ማንኛውም የእጅ ባለሙያ የሥራ ዕቃውን የሚያጓጉዘው ለጭነት በተመዘገበ ቫን ብቻ ይሆናል» የሚለው መመሪያዎ እጅግ አጭር በመሆኑ አደንቃለሁ። አጭር የሆነው የሚያስብበት ሰው ስላልተገኘ ነው ብለው የሚያሙዎት አሉ፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም።

ሁለተኛ፤ ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ተቆጣጣሪዎ አደባባዩ ዳር አስቆመኝና የኋላውን በር አስከፈተኝ። ቧንቧዎቹን ሲያይ ወርቅ ያገኘ መስሎ ፊቱ በራ። እናቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ልጄ፣ እጥበቱ እየረፈደብኝ ነው፤ ቅጣቱን ጻፍለትና እንሂድ» አለችው።

«እማማ፣ መኪናዋ ግቢ ትገባለች። እርስዎ ይውረዱ» አላት።

«በየትኛው እግሬ?»

ተሽከርካሪ ወንበሯን ላወጣላት ሣጥኖቹን ማንሣት ስጀምር «ዕቃው ማስረጃ ነው፣ እንዳትነካ!» ብሎ እጄን ያዘኝ። ስለዚህ እናቴ ከነቧንቧዎቹ ወደ ግቢዎ ተነዳች። እዚያም ጸሐፊዎ ቅጽ ይዞ መጣና መፍቻ አራት፣ መጋዝ ሁለት፣ ቧንቧ ስድስት፣ ተሽከርካሪ ወንበር አንድ እያለ መዘገበ። ከዚያ እናቴን አየና ግራ ገብቶት አለቃውን ጠየቀ። አለቃውም ቀና ሳይል «በመኪናው ውስጥ የተገኘ ሁሉ ይመዝገብ» አለ፤ ጸሐፊውም «አሮጊት፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። እናቴ አንብባ «እሱን ሰርዝ። ዕድሜዬን ማን ጠየቀህ? እናት በል» አለችው። ሰረዘው። በጽሕፈት ቤትዎ በዚያን ቀን የተስተካከለ ስሕተት ቢኖር ይኸው አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ከአንድ መስኮት ወደ ሌላው ስሮጥ ዋልኩ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ፤ ክቡርነትዎም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ለእናቴ የደረሰላት የበሩ ጥበቃ ብቻ ነው፤ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ አመጣላት። የኩላሊት ሕመምተኛ ውሃ የምትጠጣው በልክ መሆኑን አላወቀም፤ ቅር እንዳይለው ከንፈሯን አርሳ፣ መርቃ መለሰችለት። ይህን በመጻፌ ጥበቃውን እንዳይቀጡብኝ አደራ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴን አዝዬ ከግቢዎ ወጣሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ተራዋ ለሌላ ተሰጥቷል። በማግስቱ እግሮቿ አበጡ፣ ማታ ትንፋሿ አጠረ፤ በድንገተኛ ክፍል አስገባኋት። ክቡር ሆይ፣ ቧንቧ ውስጥ አየር ሲገባ የሚሰማውን ጉርጉርታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ የት እንደምከፍተው፣ የት እንደምዘጋው አውቃለሁ። ያው ድምፅ ከእናቴ ደረት ሲወጣ ግን እጆቼን የማስገባበት አጣሁ። አጠገቧ ቆሜ ጣቶቼን ስቆጥር አነጋሁ። ዘጠኝ ቀን ተኝታ በሕይወት ወጣች፤ ለዚህ የማመሰግናቸው ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው እንጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ አይደሉም።

ሦስተኛ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ፊትዎ ለመቅረብ ታደልኩ። ሳይቆጡ፣ ሻይዎን እያማሰሉ መፍትሔ ሰጡኝ፤ «የኋላ ወንበሯን ንቀልና በጭነት አስመዝግባት።» ደስ ብሎኝ «እናቴስ?» አልኩ። «የጭነት መኪና ከሹፌርና ከረዳት በቀር ሰው አይጭንም» አሉኝ። «እንግዲያው እሷ ረዳቴ ናት» ብል «የሙያ ማረጋገጫ አላት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል እውነትዎን መሆኑን አየሁ። በመጨረሻም «ቫን ግዛ፣ እናትህን በታክሲ ላካት» ብለው አሰናበቱኝ። ቧንቧና እናት አንድ ላይ ላልጭን ፈርሜ መኪናዬን አወጣሁ። ያን ፊርማ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

ለእናቴ ስነግራት «ረዳት መሆኔን አስረዳኸው? አራት ዓመት ቧንቧውን በትከሻዬ የደገፍኩት ማን ሆኖ ነው?» አለች። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

አራተኛውን እርስዎ ሳይሆኑ እኔው ነኝ ያጠፋሁት፤ ሁለት ሳምንት ታዘዝኩዎ። እናቴን አድርሼ፣ ቤት ተመልሼ፣ ዕቃ ጭኜ፣ ሥራ ቦታ ስደርስ ባለቤቶቹ ሌላ ሰው ጠርተው ይጠብቁኛል። ሥራ ያገኘሁ ቀን ደግሞ ዕቃ አራግፌ እስክመለስ እናቴ ታጥባ፣ አቅሟ አልቆ፣ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንገቷ ዘምሞ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት «ልጇ ነህ? ምነው ቆየህ?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ እናቴን ቀሰቀስኳት።

ስለዚህ ያን ፊርማዬን በዚህ ደብዳቤ አንሥቻለሁ። ነገ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአደባባዩ በኩል እናልፋለን። እናቴ ከፊት ትቀመጣለች፤ ቧንቧዎቹም ስድስት ናቸው። ተቆጣጣሪዎ ሲፈልገን እንዳይደክም ሰዓቱን መናገሬ ነው። የሚያስቆመን ካለ ግን ክቡርነትዎ ራስዎ ይምጡ፤ እናቴንም በገዛ ክንድዎ አንሥተው ያውርዷት። ክብደቷ አርባ አራት ኪሎ ነው፤ ለእርስዎ ምንም አይደለም።

ከመመሪያዎ ግርጌ፣ ከመስኮት ቁጥር አራት ሰልፍ ጫፍ ሆኜ፣ በማይጎድል አክብሮትና በማይበርድ ንዴት፣ የሥልጣን ዘመንዎ በሥራ እንዲጠመድ እመኛለሁ፤

የቧንቧ ሠራተኛው

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከጽሕፈት ቤትዎ ተደወለልኝ። የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው መዝገብ ቤቱ ላይ እየወረደ ነውና በአስቸኳይ ድረስልን ተባልኩ። ሥራ ሥራ ነው፣ እመጣለሁ። ዕቃዬ ያለው ግን ስቴሽኗ ውስጥ ነው፤ ወይ በሩን ትከፍቱላታላችሁ፣ ወይ ባልዲ ትደረድራላችሁ።