አባዬና የጣሊያኑ አውሮፕላን

ማክሰኞ፣ ጥር 15/76

አቡጀዲውን ጠቀለልኩ፣ የአባዬን ሱቅ ጠረግሁ። አሁን ስሚኝ ደብተሬ፦ አልፌያለሁ! የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት መግቢያ ፈተናውን። ከሴት እኔና አንዲት የአራዳ ልጅ ብቻ። እስከሚመጣው ማክሰኞ ምረጡ ተባልን፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ወይስ የጦር ጄት። ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ጄት ነዋ!

አባዬ ግን የሁለቱንም ስም መስማት አይፈልጉም። ደሴ፣ ልጅ ሳሉ፣ የጣሊያን ቦምብ እህታቸውን ገድሎባቸዋል። ዛሬም በእንጦጦ በኩል የአውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ ሜትሩን ጥለው እስኪያልፍ የሱቁ በር ላይ ይቆማሉ። 

ዓርብ፣ ጥር 18

ደ/ዘይት፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ የድሮ የጦር አውሮፕላኖች ሙዚየም አለ። እሑድ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከጣሊያን የተማረከም አለ አሉ። በቃ፣ አባዬን እወስዳቸዋለሁ። እማዬ ሳቀች፤ መርካቶ ለመውረድ እንኳ ሲያቅማሙ የሚከርሙ ሰውዬ አለች። ለአባዬ ነገርኳቸው። ጨርቃቸውን መጠቅለል ቀጠሉ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባዬ፦ «አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?»

አላልኩሽም?

እሑድ፣ ጥር 20፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አሁን ገባን። ሳልረሳው ልጻፍ።

ውጭ ጄቶቹ ተደርድረዋል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የጣሊያኑ ግን አዳራሹ ውስጥ ጥግ ላይ ነው። አባዬ በሩ ላይ ቆሙ። ክንዳቸውን ብይዝ አስለቀቁኝና ብቻቸውን ሄዱ። ክንፉ ጋ ደርሰው የተቀደደውን ጠርዝ እንደ ሱቃቸው ዕቃ በሁለት ጣት አሹት።

«ጨርቅ ነው እንዴ?»

አስጎብኚው አሥር አለቃ መጣ። «አባት፣ መንካት ክልክል ነው።»

«እሱ ቤቴን ሲነካ ማን ከለከለው?»

ልጁ ባርኔጣውን አወለቀ። ራቅ ብሎ ቆመ።

አባዬ እኔን ሳያዩ አወሩ። እህታቸው ሀሊማ ትንሽ ነበረች። አውሮፕላኑ ከሩቅ ሲመጣ ወፍ መስሏት በጣቷ እየጠቆመች ሳቀች። ይህን ለእማዬም ነግረዋት አያውቁም።

ስንወጣ ጄቶቹን ቆመው አዩ። «እነዚህስ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉ።

አሥር አለቃው መሬት መሬት አየ። «ወደታዘዙበት፣ አባት።»

 

ሰኞ፣ ጥር 21

ሱቅ።  ከሰዓት በኋላ አባዬ ጨርቅ እየለኩ፣ ቀና ሳይሉ፦

«የመንገደኛው፣ ሰው ነው የሚጭነው?»

«ሰው ነው አባዬ። ሐጅም ይሄዱበታል።»

«እንግዲያው እሱን ተማሪ። አላህ ይርዳሽ።»

ስለ ጄቱ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ እከራከር ነበር፤ መልሱን ከትናንት ወዲያ አዘጋጅቼ ነበር። አሁን ሳስበው ምኑም አይጥመኝም። አልዋሽሽም፣ ጄቱን ወድጄዋለሁ። ዛሬም እወደዋለሁ። ግን እኔ ያጠበቅሁት ብሎን የት ታዞ እንደሚሄድ አላውቅም፤ ከሥሩ ደግሞ ቀና ብላ የምትስቅ ልጅ አትጠፋም።

ነገ በጠዋት ሄጄ የመንገደኛውን እላለሁ። የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ አይደሉም፤ ይህን መዝግቢልኝ። ወንዶቹንም በልጬ ነው የምጨርሰው። ታዪያለሽ።